የአማ መርየም አሥራ አንድ ደቂቃ

ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደቡብ አፍሪካ

ለእህቴ ለረምላ፣ ሆሳዕና

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? እናት አባትሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀኑን እገፋለሁ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እጅሽ የያዘውን ሥራ ይባርክልሽ።

ይህ ወረቀት ድንገት ሲደርስሽ "ማነው ደግሞ ይሄ?" እንዳትይ። የቦኖሻዋ የመርየም ልጅ ሀምዛ ነኝ። ያንቺ አያትና የእኔ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኔ ከአገር ስወጣ አንቺ አራተኛ ክፍል ነበርሽ። አሁን ሆሳዕና ላይ የቪዲዮ ስቱዲዮ ከፍተሽ ሰርግ ትቀርጫለሽ ብለው ሲነግሩኝ ደስ አለኝ፤ ልመናዬንም ለሌላ ሰው ከመንገር ላንቺ ልንገር አልኩ።

ለምን በስልክ እንዳልደወልኩ ታሪኩን ሳትሰሚ አትቀሪም፤ ቢሆንም ከራሴ አፍ ስሚው። ታናሽ ወንድሜን ኑሪን ወደዚህ አገር የጠራሁት እኔ ነኝ። እናቴ "አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛውን ተውልኝ" ብላ ነበር። "ግድ የለሽም፣ መንገዱን አውቀዋለሁ" ብዬ ከደላሎቹ ጋር የተስማማሁት እኔ ነኝ። ማላዊ ከገባ በኋላ ወሬው ጠፋ። አብረውት የነበሩት ልጆች ጫካ ውስጥ ታሞ እንደቀረ ነገሩን። መቃብሩን ያየ የለም። ያኔ እናቴ ስልኩን ተቀብላ፣ "ሁለተኛ ድምፅህን እንዳታሰማኝ" አለችና ዘጋችው። እነሆ አራት ዓመት ሆነ። እኔም እሷ ራሷ እስክትፈታኝ ድረስ ድምፄ ወደ አገር ቤት አይገባም ብዬ ማልኩ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

እጄን ስላመመኝ የምለውን የሚጽፍልኝ ጓደኛዬ ማቴዎስ ነው። የዶዮገና ልጅ ነው፤ ሱቁን አብረን ነው የምንሠራው። ሚስጥር ይጠብቃል።

ልመናዬ ይኸው። ወደ ቦኖሻ ሂጂና እናቴን ቅረጪልኝ። ስለ ኑሪ፣ ስለ እኔ፣ በልቧ ያለውን ትናገር። ይቅር ብላ አውፍ ብትለኝም፣ ባትለኝም፣ በራሷ አንደበት ልስማው። ልትሰድበኝ ከፈለገች ትስደበኝ፤ አትቁረጪው። ምስሉ ቢበላሽ አልቀየምሽም። ድምፁን ግን አደራ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ የማቴዎስ የአጎት ልጅ፣ ልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክም ይሰጥሻል። የገዛሁት ለዚሁ ነው።

አላህ ከፊት ከኋላ ይጠብቅሽ።

ሀምዛ


ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ

ለተከበርከው ወንድሜ ለሀምዛ

ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለእጅህ አላህ ሺፋውን ይላክልህ። ለማቴዎስም ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ጽሑፉ እንዴት ያምራል! ይህንን በቴሌግራም የምልከው በእሱ ስልክ ቁጥር ነው።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሰርግ በሰርግ ሆኜ ነው። ወረቀትህን ሳነብ አለቀስኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ ወደ ፎንቆ ሥራ ሄድኩ፤ እንዲህ ነው ኑሯችን። ማይኳም ደርሳኛለች። አትቀየመኝና ሳያት ሳቄ መጣ፤ ከኮት ቁልፍ አትበልጥም። እዚህ እኮ ሰርግ ላይ ድምፅ የሚሰማ የለም። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ የሙሽሪት አባት ሲናገሩ፣ ሁሉንም አጥፍቼ ነሺዳ እደርብበታለሁ። ዶዮገናና አንጋጫ ስሄድ ደግሞ መዝሙር እደርባለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ደንበኛ "አባቴ ምን ብለው ነበር?" ብሎ አልጠየቀኝም። "ለምን ጠቆርኩ?" ነው የሚሉኝ። ሰው የሚከፍለው ለዓይኑ ነው።

ቦኖሻ ሄጄ ነበር። አማ መርየም ደጃፍ ላይ በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ "አማ፣ ሀምዛ ልኮኝ ነው" አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ። አንድ ራስ በቆሎ ጨርሰው ሌላ አነሱ።

"ይበላል?" አሉኝ።

"ምን አሉኝ አማ?"

"ምግብ ይበላል ወይ ነው የምልሽ።"

"ይበላል አማ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ ብቻ አወራን። ስለ ካሜራው ባነሳ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ተመልሼ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ካሜራዬ አዲስ ነው፤ የቀረኝ ከሩቅ ቆሞ ፊትን የሚያቀርብ ሌንስ ነው። እዚህ አይገኝም። አማ ሰው ሲጠጋቸው ይጨነቃሉ፤ ለእሳቸውም ይበጃል። ብትችል ብቻ ነው፤ ባይሆንም አላዝንም።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ረምላ


ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደቡብ አፍሪካ

ለእህቴ ለረምላ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ የለፋሽበትን በእጥፍ ይክፈልሽ።

"ይበላል ወይ" አለች? ማቴዎስ ያንን መስመር አምስት ጊዜ አነበበልኝ።

ሌንሱን ከጆሃንስበርግ አስገዝቼ ልኬያለሁ፤ በዚህ ሳምንት የሚገባ ሰው ያደርስልሻል። ግን ረምላ፣ ልመናዬ በደንብ የገባሽ አልመሰለኝም። ሰርግ አይደለም፤ ነሺዳ የሚደረብበት ነገር አይደለም። ማይኳን ከአንገቷ ዝቅ አድርገሽ ልብሷ ላይ ስኪያት። ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ መጀመሪያ ሞክሪው። ቤታችንን ከወፍጮ ቤቱ የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ወፍጮው የማይሠራበትን ቀን ምረጪ፤ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ይዘጋ ነበር።

መልኳንም በቃል ጻፊልኝ። ከስታለች? ስትነሳ ወገቧን ትይዛለች? ቪዲዮው ላይ ታየዋለህ አትበይኝ፤ አንቺ ጻፊልኝ።

ሱቁን በአብዛኛው ማቴዎስ ይዞታል። እኔ ደህና ነኝ።

ሀምዛ


ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለውድ ወንድሜ ለሀምዛ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ዛሬ ሰላምታዬን ላሳጥር፤ የምሥራች አለኝ። አማ መርየም ተናገሩ!

ትናንት ከዶዮገና ሰርግ ስመለስ በዚያው ወደ ቦኖሻ አለፍኩ። ልጠይቃቸው ብቻ ነበር ሐሳቤ። ገና ከመግባቴ፣ "ያ መሣሪያሽ አብሮሽ ነው?" አሉኝ። አብሮኝ ነው ስላቸው ወደ ውስጥ ገቡ። ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ አረንጓዴ ነጠላ ለብሰው ወጡ። በርጩማቸውን እንሰቱ ጥግ አስቀመጡና ተቀመጡ።

"አንቺ ግን ራቂ" አሉኝ። "ይኼ በእኔና በልጄ መካከል ነው።"

"አማ፣ ካሜራውን ማን ይይዘዋል?"

"መሬት ላይ አቁሚውና ራቂ። ኋላም ብትሆኚ እንዳትሰሚው። ማይልኝ።"

ማልኩላቸው። ካሜራውን በአጥሩ በር አካባቢ በማቆሚያ እግሩ ላይ አቆምኩት፤ በላክህልኝ ሌንስ ፊታቸውን አቀረብኩና ከጎኑ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገሩ። ሀምዛ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ! አራት ዓመት ዝም ያሉ ሴትዮ። ሲጨርሱ በእጃቸው ጠሩኝና፣ "በቃኝ፣ ላኪለት" አሉኝ። እንባም አልነበራቸውም፤ ከእርሻ እንደተመለሰ ሰው ደክሟቸው ነበር።

መልካቸውን ጻፊልኝ ብለሃል። ከስተዋል፤ ግን ቆዳቸው አሁንም ይጠራል። ግራ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሲነሱ አዎ፣ ወገባቸውን ይይዛሉ። ግን ምን ልድከም፣ ምስሉን እየው! ፀሐይዋ በእንሰቱ ቅጠል አልፋ ጉንጫቸው ላይ ስታርፍ፣ የዓይናቸው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ምስል ቀርጬ አላውቅም። በመሐላዬ መሠረት ምንም ሳልሰማ፣ ምንም ሳልቆርጥ፣ እንዳለ ልኬልሃለሁ።

አላህ ልብህን ያሳርፈው።

ረምላ


ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ረምላ፣

ድምፅ የለውም። ወፍጮ ብቻ ነው የሚሰማው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወፍጮ። ከሥሩ የሰው ድምፅ ያለ ይመስላል፤ ቃሉ ግን አይለይም። በማዳመጫ ሞከርን፤ የሌላ ሰው ስልክ ተውሰንም ሞከርን።

ማይኳን አድርገሽላት ነበር? ሌላ ቅጂ ካለሽ ላኪልኝ። ከሌለሽ ተመለሺ። እባክሽ ዛሬ ነገ ሳትይ ተመለሺ።

ሀምዛ


የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለወንድሜ ለሀምዛ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። መጪውን ረመዳን በሰላም ያስጀምረን፤ ጾም ጸሎታችንን ይቀበለን።

ከአምስት ሳምንት በላይ ዝም ያልኩህ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው። መጀመሪያ "የማይኳ ባትሪ አልቆ ነው" ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። እውነቱን ልንገርህ። ማይኳ ስቱዲዮ መሳቢያ ውስጥ፣ ከነካርቶኗ ነበረች። ከሰርግ ስመጣ አልያዝኳትም። ማዳመጫም አልነበረኝም። አማ ድንገት "ልናገር" ሲሉኝ፣ "ሆሳዕና ሄጄ ማይክ ላምጣ" ብላቸው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ብዬ ፈራሁ። ካሜራው የራሱ ማይክ አለው፣ ይበቃል አልኩ። ወፍጮውን ደግሞ፣ ወላሂ ሀምዛ፣ አልሰማሁትም። እየሠራ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ብርሃኑ ብቻ ነበር የማስበው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቦኖሻ ሄጃለሁ። ማይኳን በኪሴ፣ ማዳመጫዬን በአንገቴ አድርጌ ነው የሄድኩት። ድምፁ እንዳልተቀዳ ነገርኳቸው።

"አልሰማም?"

"አልሰማም አማ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደገና ይናገሩለት።"

"ልጄ፣ ያንን ለመናገር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል" አሉኝ። "አሁን ቁጭ በይና ድገሚው ብትይኝ ከየት አመጣዋለሁ? ምን እንዳልኩ መች በደንብ አስታውሳለሁ።"

በሁለተኛው ጊዜ ለዘብ አሉ። "ጾሙ ይውጣና ነይ፤ ከዒድ በኋላ" ብለውኛል። ቃል ገብተውልኛል። ከዒዱ በነጋታው ደጃፋቸው ላይ ነኝ።

እስከዚያው በእኔ አትዘን። ቢያንስ ምስሉ አለህ። ፊታቸውን እያየህ ተጽናና፤ ፊታቸው ላይ ብዙ ነገር ይነበባል።

የበደለችህ እህትህ ረምላ


መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደቡብ አፍሪካ

ለረምላ

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አጎታችን ለማቴዎስ ደውሎ ነገረው፤ ማቴዎስ ለእኔ ነገረኝ። ለአፍጥር ውሃ ልትቀዳ ተነስታ በር ላይ ወደቀች አሉ። በማግሥቱ ቀበሯት። አንቺም ቀብሩ ላይ እንደነበርሽ ሰምቻለሁ፤ አላህ ይስጥሽ።

እዚህ ያሉት የአገራችን ልጆች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። ብዙ ሰው "እናትህ አውፍ ብላህ ነው የሞተችው" ይለኛል። "እንዴት አወቅህ?" ስለው ወሬ ይቀይራል።

እንግዲህ ዒዱም ይመጣል። አንቺ ግን ወደ ቦኖሻ የምትሄጂበት ጉዳይ የለሽም። ማይኳን ለሥራሽ ተጠቀሚባት።

ሀምዛ

ረምላ እህቴ፣ እኔ ማቴዎስ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ሀምዛ አላዘዘኝም፤ ምን እንደጻፍኩም አያውቅም፤ ሊያነበውም አይችልም።

እጁ አልታመመም። አምና በክረምት ሱቃችንን ሌቦች ሲዘርፉ በሽጉጥ ሰደፍ ፊቱን መቱት። አንዱ ዓይኑ ያኔ ጠፋ፤ ሌላውም እየደከመ ሄዶ ከመስከረም ወዲህ ጨርሶ አያይም። "እናቴ ብትሰማ ኑሪ ላይ ሌላ ሐዘን ትደርባለች" ብሎ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኛል። አሁን የሚፈራላት እናት ስለሌለች ነው የጻፍኩልሽ።

ቪዲዮሽን እሱ አላየውም። እኔ ነኝ የማየው። ምናልባት ሠላሳ ጊዜ አጫውቼለታለሁ። "አሁን ምን ታደርጋለች?" ይለኛል። "እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታወራለች" እለዋለሁ። "ተቆጥታ ነው?" ይለኛል። ምን ልበለው? የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አይቶ እርግማኑን ከምርቃቱ የሚለይ ማነው? አንቺ በመጨረሻው ደብዳቤሽ "ፊታቸውን እያየህ ተጽናና" ብለሽ ነበር። ያንን መስመር ዘልዬ ነው ያነበብኩለት።


ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለወንድሜ ለሀምዛ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለአማ መርየም ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው፤ ለአንተም ጽናቱን ይስጥህ።

ማቴዎስን አትቆጣው። ሁሉንም ጽፎልኛል። ያን ቀን ስቱዲዮዬን ዘግቼ ቤቴ ሄድኩ፤ ለብዙ ቀናትም አልከፈትኩም። "ምስሉን እየው" ብዬ ስንት ጊዜ ጻፍኩልህ?

ከዒዱ በኋላ ላፕቶፔን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ለፊልም ድምፅ የምትቀዳና የምታስተካክል ትርሲት የምትባል ሴት አለች ብለውኝ ፈልጌ አገኘኋት። ቪዲዮውን ከፈትኩላት። መሐላዬን ያፈረስኩት እዚያ ነው፤ በኋላ ሦስት ቀን ጾሜለታለሁ፤ አላህ ይቀበለኝ።

"ታጸጂልኛለሽ?" አልኳት።

ማዳመጫዋን አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችና አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ቆሻሻ የገባበትን ድምፅ አጸዳለሁ" አለችኝ። "ያልተቀዳውን ግን ከየት ላምጣልሽ?"

"እኔ እኮ እዚያው ቆሜ ወፍጮው አልረበሸኝም" አልኳት።

"ጆሮሽ ለምዶት ነዋ። ጆሮ የማይፈልገውን ይተወዋል። ማይክ መተው አያውቅም፤ የቀረበውንና የጮኸውን ይይዛል። ሴትዮዋ ከካሜራው ምን ያህል ይርቃሉ?"

"ሃያ እርምጃ።"

"ወፍጮውስ?"

"ስምንት ቢሆን ነው።"

"ሌንሱ ፊታቸውን አቀረበልሽ። ድምፃቸውን ግን ማንም አላቀረበውም፤ እዚያው ሃያ እርምጃ ላይ ነው የቀረው። የወፍጮውን ንግግር ነው የቀዳሽው" አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እያዘነችልኝ ነበር።

ሦስት ቀን አብሬያት ተቀመጥኩ። የወፍጮውን ድምፅ በፕሮግራም ስትቀንሰው የአማም ድምፅ አብሮ ይሳሳል፤ ከፍ ስታደርገው ወፍጮው ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አቆመችና፣ "ይኼ ምንድነው?" አለችኝ። እዚያ ላይ መብራት ሄዷል። ወፍጮው ቆሟል። የወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ አሥራ አራት ሰከንድ ጸጥታ አለ።

ሀምዛ፣ እዚያ ውስጥ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ። ድምፁንም ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ወፍጮው ሲቆም አማ ቀና አሉ። ጸጥታው ያስደነገጣቸው ይመስላል። ከዚያ በሀዲይኛ፣ ከሩቅ ቢሆንም ጥርት ባለ ድምፅ፣ "ይኼ ነገር ይሰማል? ሀምዛ ይሰማኛል?" ይላሉ።

ከዚያ የሚመጣው የእኔ ድምፅ ነው። ከካሜራው ጎን ስለቆምኩ በጣም ይጮኻል፤ ከሁሉም በላይ ጥርት ብሎ የተቀዳው እሱ ነው። "ይሰማል አማ፣ ይሰማል! ይቀጥሉ!" እላለሁ።

እሳቸውም "እንግዲያው" ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደቀድሞው ወፍጮ ነው።

ያቺን አሥራ አራት ሰከንድ ስሰማ ትርሲት ተነስታ ከክፍሉ ወጣችልኝ። ያንን መልስ መመለሴን ጨርሶ ረስቼው ነበር። ሰው ጠየቀኝ፣ ሳላጣራ መለስኩ። ዘወር ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ ካሜራውን ባዳምጠው ኖሮ ያኔውኑ አውቅ ነበር፤ ገና ሁለት ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር፣ ሮጬ ወፍጮውን አስቆም ነበር።

አሁን ሥራ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ፎንቆ ላይ ለሽማግሌው ማይኳን ሰካሁላቸው፤ ምርቃታቸውን ሳልነካ፣ ነሺዳ ሳልደርብ አወጣሁት። የሙሽራው ወንድም "ያላለቀ ቪዲዮ ነው የሰጠሽን" ብሎ መለሰልኝ። ደርቤ ሰጠሁት። የሽማግሌውን ድምፅ ግን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ አንድ ቀን የሚፈልገው ሰው ይመጣ ይሆናል።

አውፍ በለኝ አልልህም። እንዴት ብዬ? ግን ይህንን ከእኔ እንድትሰማው ፈልጌ ነው።

ረምላ


ሐምሌ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደቡብ አፍሪካ

ለእህቴ ለረምላ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽን ይስጥሽ፤ ከጭንቀት ያውጣሽ።

ማቴዎስ ከደብዳቤዬ ሥር የጨመረውን ራሱ ነገረኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁት፤ ኋላ ቀለለኝ። አዎ፣ አላይም። ከእንግዲህ እጄን አመመኝ እያልኩ አልጽፍልሽም።

ድምፁን ሰማሁት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ። ማቴዎስ "ልድገመው?" ሲለኝ ተው አልኩት። በሁለተኛው ቀን እንዲደግመው ለመንኩት። ስሜን ጠርታለች። በአራት ዓመት ውስጥ ስሜን ከአፏ ስታወጣ ለእኔ የደረሰኝ ያቺ ብቻ ናት። ድምፅዋ አርጅቷል።

ማቴዎስ፣ "አውፍ ልትል ያላሰበች እናት ይሰማኛል ወይ ብላ አትጠይቅም" ይለኛል። መልካም ሰው ስለሆነ ነው። እኔ ግን ሳስበው፣ የሚረግም ሰውም እርግማኑ እንዲሰማለት ይፈልጋል። ከ"እንግዲያው" በኋላ የቱን እንዳለች እስክሞት አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ይህን ልወቅስሽ ብዬ አልጻፍኩትም። "ምንም አይደለም" ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም፤ ምነው ማይኳን በያዘቻት እያልኩ የምውልበት ቀን ብዙ ነው። ኑሪን ግን እኔ ነኝ የጠራሁት። እሱን ላንቺ አላሸክምሽም። መልሱን አንቺ አጠፋሽው እንጂ ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

የሱቁን ድርሻዬን ለማቴዎስ ትቼለታለሁ። ከኤምባሲ የመመለሻ ወረቀት አግኝቻለሁ። ነሐሴ አሥራ ሁለት አንድ የዱራሜ ልጅ አብሮኝ ይመጣል፤ በማግሥቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሆሳዕና ያደርሰኛል። ከዚያ ቦኖሻ ወስደሽ መቃብሯ ላይ አቁሚኝ። ካሜራ አትያዢ። የምናገረውን በራሴ አፍ እናገራለሁ፤ የማልኩት ራሷ እስክትፈታኝ ነበር፤ አሁን የምትፈታኝ የለችም።

መናኸሪያው ሰው እንደሚበዛው አስታውሳለሁ። እጅሽን አታውለብልቢልኝ፤ አይጠቅመኝም። ከአውቶቡሱ ስወርድ በስሜ ጥሪኝ። በስልክ እንኳ አውርተን ባናውቅም ድምፅሽን እለየዋለሁ። "ይሰማል አማ፣ ይሰማል" ስትያት ሰምቼዋለሁ።

ወንድምሽ ሀምዛ